የግራዝማች ቢረሳው ጋቢ

በዳገት በርና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች፣ ሰው የገዛ ጉድለቱን ባማረ ስም ሸፋፍኖ ሲያቀርብ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጉና ይስቃሉ። ሳቁን ሁሉም ይስቀዋል። አባባሏ ከማን ጋቢ ላይ እንደወጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አዎ፣ ከጋቢ ላይ ነው የወጣችው። እንዴት ያላችሁ እንደሆነ እንዲህ ነው።

ወይዘሮ አልጣሽ አንዲት ሴት ልጅ ያላቸው ባልቴት ነበሩ። ደግ ናቸው፤ ጠላቸው የተመሰገነ ነው፤ ለቅሶ አይቀሩም። ችግራቸው ምላሳቸው ብቻ ነበረች። ምላሳቸው ሁልጊዜ ቀድማቸው ትሄዳለች፤ እሳቸው ከኋላዋ እያለከለኩ ይከተሏታል።

ልጃቸውን ትሁኔን የግራዝማች ቢረሳው ልጅ ይኸነው ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ግራዝማችም ነገሩን አልጠሉትም። ይሁንና ግራዝማች ልብስ ወዳድ ሰው ነበሩ። አዲስ ነገር ለብሰው የሚያይላቸው ሰው ካነሰ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁለቴ ይዞራሉ። እናም አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ አልጣሽን ደጀ ሰላሙ ጋ አቆሟቸው።

«ለመሆኑ ልጅቱ ሙያ አላት?»

«ሙያ?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፤ ምላሳቸው ወዲያው ፈትለክ አለች። «ትሁኔ ስትፈትል እኮ እንዝርቱን ያያሉ እንጂ ክሩን አያዩትም፣ ግራዝማች! ከቅጥነቱ የተነሣ!»

«እንግዲያውስ ሌላ አልጠይቅም» አሉ ግራዝማች ደስ ብሏቸው። «የሠርጉን ቀን በምንቆርጥበት ዕለት የምለብሰውን ጋቢ እሷ ትፍተልልኝ። በገዛ እጇ። እጇን ባየው፣ ቤቷንም ያየሁት ያህል ነው።»

ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ምላሳቸውን ሲረግሙ ሄዱ። ትሁኔ ስትፈትል ክሩ የማይታየው እውነት ነው፤ የማይታየው ግን እስኪታይ ድረስ ስለማይቆይ ነው። ይበጠሳላ! እናትየውም ቢሆኑ እንዝርት ሲያዩ እጃቸው የሚተሳሰር ሰው ናቸው። ከገበያ ፈትል ገዝተው የሷ ነው እንዳይሉ፣ የአገሩ ፈታይ ሁሉ የግራዝማች ዘመድ ነው።

«እማዬ፣ አትችልም ብትያቸው ምን ነበረበት?» አለች ትሁኔ ነገሩን ስትሰማ።

«አልችልም የሚባል ቃል በዚህ ቤት የለም!»

«ቃሉ ነው እንጂ የሌለው ነገሩስ አለ።»

ምን ይደረግ፣ ተቀመጡ። ጥጡን በጥድፊያ ዳመጡት፤ ከጥድፊያው ብዛት ፍሬው ግማሹ እዚያው ውስጥ ቀረ። ባዘቶውን ትሁኔ ስትስበው፣ አንድ ቦታ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ቀጥሎ የሸረሪት ድር ያክላል። እንዝርቱን አብዝታ ስታሾረው ደግሞ ክሩ በራሱ ላይ ይጠማዘዝና የቡችላ ጭራ መስሎ ይቆለመማል። ሦስት ሳምንት ፈተሉ። ትሁኔ ሁለት ጊዜ አለቀሰች፣ አንድ ጊዜ እንዝርቱን ከአጥር ወዲያ ወረወረችው። በመጨረሻው ልቃቂቱ ሁሉ በቅርጫት ተሞልቶ ወደ ሸማኔው ወደ አያ ደረበ ተወሰደ።

አያ ደረበ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸማ ሲሠራ የኖረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አንዱን ልቃቂት አንሥቶ በጣቶቹ መካከል አሳለፈው። መልሶም አሳለፈው።

«እሜቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ፈትል ነዋ!»

«ፈትልማ አውቃለሁ። ይኼ እንቁላል ውጦ የተኛ እባብ ነው የሚመስለው።»

ወይዘሮ አልጣሽ እውነቱን ሊነግሩት አስበው ነበር። በእግዜር ስም፣ አስበው ነበር። ግን ያቺ ምላስ ቀደመቻቸው።

«የዕንቁ ፈትል ይባላል» አሉ። «በየመካከሉ ጉጥ ጉጥ የሚለው ዕንቁው ነው።»

«ይኸኛውስ? አንዴ ገመድ፣ አንዴ ፀጉር የሚያክለው?»

«የወንዝ ፈትል። ወንዝ አይደለም እንዴ ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚጎድል?»

«እሺ፤ ይኼስ የተቆላለፈው?»

«እሱማ ሹሩባ ነው!» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፤ አሁን ራሳቸውም ማመን ጀምረዋል። «ባሕር ማዶ ትልልቅ ሰዎች ከዚህ ሌላ አይለብሱም። ጥበብ ነው፣ አያ ደረበ። ጥበብ ደግሞ ለሁሉም አይገለጥም።»

አያ ደረበ ልቃቂቱን ይዞ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። መወርወሪያው በየጉጡ እየቆመ አላንቀሳቅስ ሲለው፣ «ሂድ እንጂ፣ የትልልቅ ሰው ነው ተብለሃል» እያለ ሲለማመጠው ጎረቤት ሰምቷል። በሁለት ቀን የሚያልቅ ጋቢ አሥር ቀን ፈጀበት።

ጋቢውን ለግራዝማች ወይዘሮ አልጣሽ ራሳቸው ይዘውላቸው ሄዱ። ግራዝማች ገለጡት። ገለበጡት። በጣታቸው አንዱን ጉጥ ነካ አድርገው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይኼ... ምን ዓይነት...»

«የዕንቁ ፈትል ነው፤ መሐሉ የወንዝ፣ ዳር ዳሩ ሹሩባ። ጥበብ ነው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ በቀጭን ድምፅ። «መቼም እርስዎን ለመሰለ አገር ላየ ሰው አይነገርም።»

ግራዝማች ፊታቸው ተፈታ። አላውቅም ማለት እንደ ቁምጣ የሚያሳፍራቸው ሰው ነበሩ። «አ-ዎ!» አሉ። «የዕንቁ ፈትል! አውቀዋለሁ እንጂ! ጎንደር ሳለሁ ከአንድ መኮንን ትከሻ ላይ አይቼው ቀንቻለሁ።»

ወይዘሮ አልጣሽ ክው አሉ። የዕንቁ ፈትል ከተፈጠረ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ቀን የሚቆረጥበት ዕለት ሽማግሌዎች በወይዘሮ አልጣሽ ግቢ ተሰበሰቡ። ግራዝማች መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም እንዲያያቸው ቀስ እያሉ ገቡ። መግቢያው ላይ አጥሩ ሦስት ጊዜ ያዛቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ በክብር ተላቀቁ። ሽማግሌዎቹ ጋቢውን እያዩ ተያዩ። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ስለ ዕንቁው፣ ስለ ወንዙና ስለ ሹሩባው አስረዱ፤ እንዲያውም ወይዘሮ አልጣሽ ያላሉትን ሁለት ዓይነት ከራሳቸው ጨመሩበት። አንዱ ሽማግሌ ለሳቸውም ትፈትልላቸው እንደሆነ በልጅቱ እናት ጆሮ ጠየቁ። ወይዘሮ አልጣሽ ተነፈሱ። በቃ፣ አልፏል አሉ በልባቸው።

በዚያ ሁሉ የድግስ ሩጫ ማለዳ የተረሳ አንድ ነገር ነበር፤ ለዶሮዎቹ ጥሬ የበተነላቸው የለም።

መጀመሪያ የመጣችው ቀይ ዶሮ ናት። ከግራዝማች ወንበር ሥር ቆማ ጋቢውን በአንድ ዓይኗ አየችው። አንገቷን አዙራ በሌላኛው አየችው። ከዚያ አንዱን ዕንቁ ጠቅ አደረገችና ነቅላ ዋጠችው።

«እሽ!» አሉ ግራዝማች ንግግራቸውን ሳያቋርጡ።

ዶሮዋ ግን ጓደኞቿን ጠራች። አምስት ሆኑ፣ ዘጠኝ ሆኑ። አንዷ ከወንዙ፣ ሌላዋ ከሹሩባው ትለቅማለች። አውራ ዶሮው ቦታው ከታች ስለተጣበበበት ዘሎ የግራዝማች ትከሻ ላይ ወጣ። «እሽ! እናንተ! እሽ ስላችሁ!» ግራዝማች ብድግ ሲሉ ሹሩባው በወንበሩ ሚስማር ተያዘ፤ ሊሸሹ ሲሉ ወንበሩ እየተንከባለለ ተከተላቸው። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ግራዝማች ከፊት፣ ወንበሩ ከኋላ፣ ዶሮዎቹ ከወንበሩ ኋላ። በሁለተኛው ዙር ጋቢውን ጥለውት መደቡ ላይ ወጡ፤ በእጀ ጠባባቸው ብቻ ቆመው ቀሩ። ዶሮዎቹ ጋቢው ላይ ሰፍረው ማዕዱን ቀጠሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ መሬት ተከፍታ እንድትውጣቸው ለመኑ፤ መሬት እንቢ አለች።

ትሁኔ ከጓዳ ወጣች። ወደ መደቡ ሄዳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የዕንቁም የወንዝም ፈትል የሚባል የለም። እኔ መፍተል አልችልም። ጥጡንም በደንብ አልዳመጥነውም፤ የሚለቅሙት ፍሬውን ነው።»

ግራዝማች ወደ እናትየው ዞሩ። «ታዲያ ጥበብ ነው ያሉኝ ምን አድርጌዎት ነው?»

ወይዘሮ አልጣሽ አፋቸውን ከፈቱ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሳቸው ወደ ኋላ ቀርታ ጠበቀቻቸው።

«ምንም አላደረጉኝም» አሉ በመጨረሻ፣ እንባቸው እየመጣ። «ልጄ የወደደችው እንዳይቀርባት ፈርቼ ነው።»

የግራዝማች ጢም ተንቀጠቀጠ። ግቢው ሁሉ ቁጣውን ሲጠብቅ፣ ይኸነው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሆኖ በትሕትና ጠየቀ፦

«አባባ፣ ታዲያ ጎንደር ያዩት የትኛውን ነበር?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሊያሳልፍ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሌላው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ግቢው ሁሉ ፈነዳ። ግራዝማች ጥቂት ተኮሳተሩ፣ ጥቂት አጉረመረሙ፣ በመጨረሻም መደቡ ላይ እንደቆሙ ሳቁ፤ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«ቀኑን ቁረጡ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ለጥር አድርጉት። የሙሽራዋ ቤት እውነት የሚናገር ሰው አለው፤ ለሚፈትለው እኔ ሰው እፈልግለታለሁ።»

ወይዘሮ አልጣሽ ልጃቸውን አቅፈው ቆሙ።

አያ ደረበ እጁ የሠራው ሲለበስ ለማየት መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ነበር። ቀስ ብሎ ሄዶ ጋቢውን ከመሬት አነሣ፤ ቀይዋ ዶሮ አልወርድም ብላ አብራ ተነሣች። ሸማኔው እሷን እያየ ራሱን ነቀነቀና፣ «ሠላሳ ዓመት ክር የዳበስኩት እኔ አፌ ሳይደፍር ቀረ፤ ይቺ ግን አላፈረችም፦ ሰው ጥበብ ቢለው፣ ዶሮ ጥሬ አለችው» አለ።