የአንድ ሰው ማኅበር

ምስጋና ልቦች የደበቁትን ለሚያውቀው ጌታ ይሁን። ዛሬ የማወጋችሁ በአንዲት የቆየች ከተማ ስለኖሩ አንድ አዛውንት ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያፍር ሰው አለ፣ ያም ሰው እኔ ነኝ።

አስቀድሜ ጠባዬን ልናገር። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ሰላምታ ሲያረዝምብኝ «ምን ሊጠይቀኝ ነው?» እላለሁ፤ ሲያሳጥርብኝ ደግሞ «ምን ደብቆኝ ነው?» እላለሁ። ሱኡ ዘን፣ ማለትም ወንድምን በክፉ መጠርጠር፣ ወንጀል መሆኑን ሚንበር ላይ ወጥቼ አስተምራለሁ፤ ከሚንበሩ ስወርድ ግን መጀመሪያ የማየው ጫማዬ በቦታው መኖሩን ነው።

አዛውንቱ ሐጂ ጀውሀር ይማም ይባላሉ። በዚያች ከተማ አርባ ዓመት የገነቡ ሰው ናቸው። ውል የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ «በአላህ ፊት» ብለው እጅ ይመታሉ፣ ሥራው ይሠራል። ኋላ ዘመን ተለወጠና ጨረታው ሁሉ ድርጅት ያልሆነ አይግባ ማለት ጀመረ። ልጃቸው ሀያት፣ ሕግ የተማረች ቆፍጣና ሴት፣ አባቷን ይዛ ቢሮ ለቢሮ ዞራ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመችላቸው። ስሙን «ተወኩል ኮንስትራክሽን» አሉት፤ በአላህ መመካት ማለት ነው።

ይህ ማኅበር ለእኔ አልዋጥልኝ አለ። እኛ አገር ማኅበር ሲባል ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠበቃል። የዚህኛው አባሉም ሐጂ፣ ሰብሳቢውም ሐጂ፤ ሲጣሉ ማን ሊያስታርቃቸው ነው? ሰሌዳው ላይ ያለው «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውማ ጭራሽ አልጣመኝም። ሀያት በትዕግሥት አስረድታኛለች፤ ማኅበሩ ቢወድቅ የሚጠየቀው በራሱ ንብረት ልክ ነው፣ የአባቷ ጎጆ አይነካም። ሕጉ እንዲህ መሆኑን አላጣሁትም። እኔ ግን «አንድ ሰው ማኅበር የሚሆነው አንድ ቀን ከማኅበሩ ጀርባ ሊደበቅ ነው» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ሐጂ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። በየሰነዱ ላይ የማኅበሩን ማኅተም ከመቱ በኋላ፣ ከሥሩ በእጃቸው «ጀውሀር ይማም፣ ቤቱ ከወፍጮው ጀርባ» ብለው ይጽፋሉ። ሀያት «ማኅተሙ ይበቃል፣ አባ!» እያለች ትቆጣቸዋለች። እኔም ይህን ሳይ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ማጭበርበሪያ ይሆን?» እል ነበር።

የመስጂዳችንን የውሃ ታንከር የተሸከመውን ባለ አራት እግር ማማ የሠራው ይኸው ማኅበር ነው። እኔ የመስጂዱ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው አልቆ፣ የዋስትናው ዓመት ሞልቶ፣ የመጨረሻው ርክክብ ተፈርሞ፣ ፋይሉ ቁም ሳጥን ገብቷል። በአራተኛው እግር ሥር፣ ጥላው በሚወድቅበት በኩል፣ ረውዳ የምትባል ባልቴት መፋቂያና የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሃ ዘርግታ ትሸጣለች። ከጠዋት እስከ መግሪብ ከዚያች ጥላ አትነሳም።

ማማው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐጂ በማማው ዙሪያ መዞር ጀመሩ። ከዙህር ሶላት በኋላ ይዞራሉ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይዞራሉ። አራተኛውን እግር በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እኔ በመስኮት አያለሁ። «እድሳት ያስፈልገዋል ሊሉን ነው» አልኩ በልቤ። «ኮንትራክተር ሥራ ሲጠፋ የድሮ ሥራውን ያሳምማል።»

እንደፈራሁትም በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ፊት ቀረቡ።

«ውሃውን አውርዱት» አሉ። «ሰውም ከሥሩ ይነሳ። አራተኛው እግር አማና የለውም፣ አይታመንም።»

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ጉድጓዱን ስንቆፍር ድንጋይ አገኘን። እኔ አለት ነው አልኩ። ሠራተኛው፣ ሐጂ ትንሽ እንፈትሸው እንዴ? አለኝ። ጁሙዓ ነበር፣ አዛን ብሏል። ይይዛል ኢንሻአላህ አልኩና ኮንክሪቱን አስደፋሁት። ባለፈው ሳምንት ከዚህ ግንብ ወዲያ ለጎረቤታችሁ አጥር ስቆፍር ያው ድንጋይ መጣ። አለት አይደለም። ድሮ የተቀበረ የካብ አጥር ነው፣ ሥሩ ልል አፈር ነው።»

ሰብሳቢያችን ደንገጥ ብለው፣ «ሐጂ፣ ኢንሻአላህ ማለት መቼ ነው ጥፋት የሆነው?» አሏቸው።

«ሌላው ኢንሻአላህ አያስፈራኝም» አሉ ሐጂ። «መለካት ሲገባኝ ያልኩት ነው የሚያስፈራኝ።»

እኔ አሁንም አልለቀቅኳቸውም። «ይህ ርክክቡ ያለቀ ሥራ ነው። ማን ይሠራዋል ብለው ነው?»

«እኔ።»

«በየትኛው ውል?»

«በድሮው።»

ወደ ሰብሳቢው ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «በነፃ ብሎ የገባ ኮንትራክተር በቀላሉ አይወጣም» አልኩ። ሌሎቹም ከእኔ ብዙ የራቁ አልነበሩም። ረመዳን ደርሷል፣ ጀማዓው በምን ውሃ ታጥቦ ውዱእ ያደርጋል? ተባለ። ማማው ሁለት ክረምት ችሎ ቆሟል ተባለ። ጉዳዩ ከዒድ በኋላ ይታይ ብለን ተነሳን፤ ሐጂ ከሁላችን ኋላ ቀርተው ከዘራቸውን እያዩ ተቀምጠው ነበር።

በማግስቱ ሀያት ቤቴ ድረስ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ኡስታዝ፣ አባቴ ያሉትን ቃለ ጉባኤ ላይ አታስፍሩብን» አለችኝ። «ርክክቡ አልቋል፤ አሁን ማንም ሳይጠይቃቸው አጥፍቻለሁ ብለው በጽሑፍ ከሰጡ የጤና ጣቢያው ጨረታ ያመልጠናል። አሥራ አንድ ሠራተኛ ያንን ነው የሚጠብቀው። ለምኛቸው ነበር፤ ሰሙኝና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።»

እሷን ሸኝቼ ብቻዬን ስቀር ጥርጣሬዬ መጀመሪያ እንደ ልማዱ ሮጠ። አባትና ልጅ ተመካክረው የሚጫወቱት ጨዋታ ቢሆንስ? ግን የጨዋታው ትርፍ የቱ ጋ እንዳለ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ለማትረፍ የሚዋሽ ብዙ አይቻለሁ፤ ለመክሰር የሚዋሽ ግን አላጋጠመኝም። ይህ አሳቤ አልመች ብሎኝ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከግቢው ጩኸት ሰማሁ። ረውዳ ናት። ሐጂ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቀድመዋት ሄደው፣ በእሷ ቦታ፣ ከአራተኛው እግር ሥር ጀርባቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። እቃዋን ከወዲያ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ፣ በጥንቃቄ ደርድረውላታል።

«ቦታዬን ለማን ሊሰጡብኝ ነው?» ትላለች። «ትልቅ ሰው አይደሉ እንዴ? በዚህ ዕድሜዎ የድሃ ጥላ ይሻማሉ?»

«ሌላ ቦታ ተቀመጪ፣ ረውዳ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም።

እንዲህ እያሉ ሦስት ቀን ተቀመጡ። የሚሰግዱት ገብተው ነው፣ ሲወጡ ተመልሰው እዚያው ናቸው። ሰው ሁሉ የየራሱን ግምት ሰጠ። አንዱ ሐጂ ጃጅተዋል አለ፣ ሌላው ቦታውን ለልጃቸው ሱቅ ሊያስይዙ ነው አለ፣ ረውዳም ይህንኛውን አመነች። እኔ በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይወድቃል የሚሉት ከልብዎ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«ታዲያ ይወድቃል ከሚሉት ነገር ሥር ይቀመጣሉ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከወደቀ በማን ላይ ይውደቅ?»

ደነገጥኩ። የድንጋጤዬን መሸሸጊያ ፍለጋ ወደ ትምህርቴ ሮጥኩ። «ሐጂ፣ ይህ አይፈቀድም! ነፍስን እያወቁ ለጥፋት መስጠት ሐራም ነው!»

ቀና ብለው አዩኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ሐራም ነው አልክ?»

«ሐራም ነው።»

«እንግዲያው ውሃውን አውርድልኝ፣ ልጄ።»

አሥር ዓመት ፊቅህ፣ የሸሪዓ ሕግ፣ ያስተማርኩት ሰውዬ በገዛ መልሴ ተያዝኩ። እዚያው ቆሜ ሰብሳቢውን አስጠራሁ።

ውሃው ከዙህር እስከ አስር ሲወርድ ዋለ። የሐጂ ሠራተኞች ማማውን በወፋፍራም አጣና ደገፉት፣ ገመድ አሰሩለት፣ ከዚያ መቆፈር ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ እንኳ ግማሹ ልቤ ምንም ጉድለት ሳይገኝ ቀርቶ «አላልኩም?» ለማለት እየጠበቀ ነበር። ከድንጋዩ ደረሱ። አንዱ ዲጂኖውን ከድንጋዩ ሥር ሲሰድደው ክንድ ሙሉ ገባ። ሥሩ ባዶ ነው። ጀማዓው ውዱእ ያደረገበት ውሃ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዚያ እየሰረገ አፈሩን በልቶታል። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ብረት የቆመው በስንዝር አፈር ላይ ነበር። ድንጋዩን ሲነኩት ወደ ውስጥ ሰመጠና እግሩ በአየር ላይ ቀረ፤ ማማው በአጣናዎቹ ላይ ጋደል ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አለ። ረውዳ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሳ አየች፣ ከዚያም እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ እኮ ቦታዬን ሊወስዱብኝ መስሎኝ…» አለች።

«አውቄያለሁ» አሉ ሐጂ። «ነገ ከዚያ ማዶ ዳስ እሠራልሻለሁ፣ ይህ እስኪያልቅ።» ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ መልሰው ከንፈራቸው አላህን ምሕረት እየለመነ፣ ኢስቲግፋር እያለ ቆሙ።

አዲሱ መሠረት ሲሞላ፣ ይህን ሳልጠይቅ መቅረት አልቻልኩም። «ሐጂ፣ ርክክቡ አልቆ ነበር። ማኅበርዎም ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው፣ ሕጉ ከለላ ሰጥቶዎታል። ማን አስገደደዎት?»

እጃቸውን ከሲሚንቶው እያራገፉ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ የተወሰነው የማኅበሩ ነው። የጀውሀርን ማን ወሰነለት?»

ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ ሐጂ ሕጉን አልናቁም። ነግዶ የከሰረ ሰው ልጆቹ ከቤታቸው እንዳይወጡ መደረጉ መልካም ነገር ነው። ማኅበር ግን አይሞትም፣ አይከፈንም፣ ቂያማ ላይም ማኅተሙን ይዞ አይቆምም። የሚቆመው ያ «ይይዛል ኢንሻአላህ» ያለው ሰው ነው። ሐጂ ይህን ስለሚያውቁ ነበር ከማኅተሙ ሥር ስማቸውንና ቤታቸውን የሚጽፉት። የሚፈልጋቸው ሰው በሩን እንዳያጣው ነው። እኔ ማጭበርበሪያ ብዬው ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ የድሮውን የርክክብ ሰነድ ከቁም ሳጥን አወጣሁ። «ሥራውን በአካል አይተንና መርምረን ተረክበናል» ይላል። ከሥሩ የኮሚቴው ጸሐፊ ፊርማ አለ፤ የእኔ ነው። ያን ጁሙዓ በክፍቱ ጉድጓድ አጠገብ ማለፌ ትዝ አለኝ። ነጭ ጀለቢያዬ እንዳይቆሽሽ ጫፉን ሰብስቤ ነበር ያለፍኩት። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር አንድ ቀን እንኳ ያን ፊርማ አልጠረጠርኩትም። የዚያን ቀን ኹጥባዬ፣ የጁሙዓ ስብከቴ፣ ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም፤ ስለ አማና፣ ስለ አደራ፣ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሁሉንም እንደሆነው ጻፍኩት፣ የሐጂንም የእኔንም። ማኅበሩ ያን ዓመት የጤና ጣቢያውን ጨረታ አጣ፤ ሀያትም ብዙ ወር አላናገረችኝም፣ አልፈርድባትም። ረውዳ ወደ ጥላዋ ተመልሳለች፤ ጠዋት ጠዋት ከመቀመጧ በፊት አራተኛውን እግር በመፋቂያ መታ ታደርገዋለች። እኔ ደግሞ ያን ሰነድ መልሼ ቁም ሳጥን ከማስገባቴ በፊት፣ ከፊርማዬ ሥር፣ ቤቴ የት እንደሆነ ጻፍኩበት።