እስከ የትኛው ድንጋይ

አንድ ገበሬ ነበረ። ልጁ ሞታበት ነበር።

በክረምቱ፣ ማሳው ከበቀለ በኋላ፣ ልጁ ከዘር የተረፈ አንድ እፍኝ ጤፍ ይዛ «ይችን ለእኔ ተውልኝ» አለችው። ከማሳው ወሰን ድንጋይ ወዲያ ጠባብ ቁራሽ መሬት ሰጣት። በገዛ እጇ ዘራችው፤ እንደ አባቷም በጫፉ ድንጋይ አቆመች። ጤፏ ሳያፈራ ታመመችና ሞተች።

የአባትየው ጤፍ ደረሰ። የእሷ ገና ለምለም ነበር። እስኪያፈራ ጠብቆ ዘሩን ሊያስቀር፣ በየዓመቱም ከዚያው ሊዘራ አሰበ። ከእጇ የቀረው ይኸው ብቻ ነበር።

የአጨዳው ቀን ለደቦ የመጡትን ጎረቤቶች «ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ያለውን እጨዱልኝ» አላቸውና ስለ ተዝካሯ ቄሶቹን ሊያነጋግር ተነሳ። አንዱ «አንተ ቄሶቹን ጨርስ፤ ጤፉን እኛ እንጨርሳለን» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ።

የዚያ አገር ደቦ መጀመሪያ ያገኘው ድንጋይ ላይ አይቆምም። ከፊቱ ሌላ ድንጋይ ካየ ዘፈኑን ሳያቋርጥ ወደዚያው ይገፋል፤ ቀድሞ ማቆም ስንፍና ነው። ገበሬው ይህን ያውቃል። ያን ቀን አላሰበውም።

ሲመለስ የልጁ ድንጋይ በተላጨ መሬት ላይ ብቻዋን ቆማ አገኛት። ለምለሙ ጤፍ ላሚቱ ፊት ተጥሏል። ታኝካለች።

የደቦው አለቃ ግራ ገባው። «ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አላልከንም እንዴ፣ ወንድሜ? እርጥቡን ለላሚቱ የፈለግከው መስሎን ነው።»

ማንን ይቆጣ? ተንበርክኮ ከላሚቱ አፍ ሥር ጥቂት ዘለላ ለቀመ። አንዱም ፍሬ አልያዘም።

ትርሲት፣ ትናንት የጠየቅሽኝ ይህንኑ ነው። ከበሽተኞች ማስታወሻ ውስጥ በቅንፍ የተጻፈውን የመጀመሪያውን መድኃኒት እንዲያወጣልሽ ለዳታቤዙ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለውን የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ ጻፍሽ። «ከቅንፍ እስከ ቅንፍ» አልሽው። እሱ ከመጀመሪያው መክፈቻ ተነስቶ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ያለውን ሁሉ አመጣልሽና ደንግጠሽ «ምን ነካው?» አልሽኝ። ምንም አልነካውም። ደቦ ነው። ከፊቱ ሌላ መዝጊያ እስካለ ይገፋል። መጀመሪያ ባገኘው መዝጊያ እንዲቆም የምታደርገው አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፣ ከድግግሞሽ ምልክቱ ቀጥላ የምትጻፍ «?»፤ እሷን ሳትጽፊ አትላኪው። ዛሬ ያዘዝሽው እንዲያወጣ ብቻ ነው፤ ስህተቱን አይተሽ ታርሚያለሽ። ነገ በዚሁ ንድፍ «ሰርዝ» ትይዋለሽ። ያን ቀን በመካከል ያለው ማስታወሻ ሁሉ ይጠፋል፤ የምትቀርልሽ ድንጋይዋ ብቻ ናት።