አራት እፍኝ ሩዝ

ሂሂሂ… ቆዩኝማ፣ ሳቄ ይውጣልኝ! ዋናው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ያን ዕለት ግን መች ሳቅኩ፣ አለቀስኩ እንጂ!

ለዓይኔ ሕክምና ሞምባሳ ሄጄ፣ የአገሬ ልጅ ዘምዘም ካገባችበት ቤት አርፌ ረመዳንን ጾምኩ። የኢድ ዕለት ጠዋት የፈለግኩት አራት እፍኝ ሩዝ ብቻ ነው፤ የጾም መፍቻ ምጽዋቴን፣ ፊጥራዬን፣ ከሶላት በፊት በር ላይ ለተቀመጡት ምስኪን ሽማግሌ ልሰጥ። ሶላቱ ከቀደመኝ ወር ሙሉ የጾምኩት ሰማይና ምድር መሀል ተንጠልጥሎ ሊቀር! «ሩዜን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም» ብዬ ምንጣፉ ላይ ዘፍ አልኩ።

ሩዙ ጓዳ ነው። ጓዳው ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ። ቁልፉ ከዘምዘም ጉያ አልወጣም አለ። በሰው ሙሽራ ጉያ እጄን ልስደድ እንዴ?

«ዘምዘሜ፣ አውጪልኝ!»

«እትዬ ዙበይዳ፣ እጄን አታዪውም? ሂና ነው! የሙሽራን የመጀመሪያ ኢድ ሂና የምታስታጥበው አማት ናት።»

አማቷ ማማ ሳልማ ጆጉን ይዛ ቆማለች፤ አታፈስም። «በዚህ ቤት በኢድ ቀን ቢቢ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ውኃ አይፈስም» አለችኝ በዘምዘም አስተርጓሚነት፤ ቢቢ የምትላቸው አሮጊት እናቷን ነው።

ቢቢ አልነሳም አሉ። ማማ ሳልማ አላፈስም አለች። ሂናው አልለቅም አለ። ቁልፉ አልወጣም አለ። ጓዳው አልከፈትም አለ። ሩዙም ተቆልፎበት ቀረ! ቢቢ ከፊቴ ተቀምጠው እኔን ያያሉ፤ እኔም እሳቸውን። ከመስጊድ «አላሁ አክበር» የሚለው የኢድ ተክቢራ ይሰማል።

«በቃ፣ ያረቢ፣ እንዲሁ ባዶ እጄን ተቀበለኝ!» አልኩና እንባዬን በሻርፔ እየጠረግኩ ብድግ አልኩ።

ብድግ ስል ቢቢም ብድግ! ቢቢ ሲነሱ ማማ ሳልማ አፈሰሰች፤ ውኃው ሂናውን አጠበ፤ የታጠበው እጅ ጉያ ገባ፤ ቁልፉ ወጣ፤ ጓዳው ተከፈተ፤ ሩዙ ሻርፔ ላይ ተንዠቀዠቀ! ለሽማግሌው ሰጥቼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ስሮጥ፣ ሰው ለሶላት ሲሰለፍ ደረስኩ።

ስንመለስ በዘምዘም በኩል፣ «ቢቢ፣ ምነው እንዲያ አስጨነቁኝ?» ብዬ አስጠየቅኳቸው።

ቢቢ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «እንግዳ ተቀምጣ እኔ ልነሳ? ያንቺን መነሳት ስጠብቅ እግሬ ደርቆ ቀረ እኮ፣ ልጄ!»