የሸምበቆ በር የፊልም ድንኳን

በሸምበቆ በር ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ የእድር ድንኳን ይተከላል። የሞተ ሰው ግን የለም። ፊልማቸውን ይዘው ከየአገሩ የመጡ እንግዶች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ገብተው በእድሩ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ የበዓሉ የመጀመሪያ ፊልም የሚታየውም እዚያ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ይህን የፊልም በዓል ያሰበው መምህር ይልቃል የሚባል ሰው ነበር፤ ዓመታት ደጅ ጠንቶ፣ እንግዶቹን ጠርቶ፣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ። የለቅሶው ድንኳን በተነሣ ማግስት እንግዶቹ ሲደርሱ ፊልሞቹ ሊታዩበት የነበረው አዳራሽ ተቆልፎ ተገኘ። የከተማው ሹም፣ «ፈቃድ የወሰደው ሰው ሞቷል፤ ፈቃዱም አብሮት ሞቷል» አለ ይባላል።

ይህን ስትሰማ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች እንባዋ ደረቀ። ሐዘን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነሥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ሄደች።

«ድንኳኑን መልሱልኝ።»

«ምን ነካሽ ልጄ? ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ ተተክሎ ያውቃል?»

«አንድ ሰውስ ሁለት ጊዜ ሲገደል አይተው ያውቃሉ? ዛሬ ይልቃልን ሊደግሙት ነው።»

ሽማግሌው ምሰሶ የሚሸከሙትን አስጠሩ።

ለለቅሶ ድንኳን ፈቃድ የሚጠይቅ በዚያ ከተማ አልነበረም። ሸራው ተወጠረ፤ ከአሰገደች አልጋ የወረደው ነጭ አንሶላ ከምሰሶ ምሰሶ ተሰቀለ፤ እንግዳውም ሰፈርተኛውም ተቀመጠ። ወዲያው ሹሙ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ገባ።

«ይሄ ምን ስብሰባ ነው?»

«ለቅሶ ነው» አለች አሰገደች ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «ከመጣህ ተቀመጥ።»

ለቅሶ ገብቶ ሳይቀመጥ የሚወጣ በሟቹ ሞት ደስ እንዳለው ይቆጠራልና፣ ሹሙ ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት ኮፍያውን አውልቆ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ፤ ፊልሙም ተጀመረ። እንደሚነገረው፣ ሊነሣ በሞከረ ቁጥር ከጎኑ ያሉ አሮጊት «አረፍ በል እንጂ ልጄ፣ ገና እርምህን አላወጣህም» እያሉ ቁጭ ያደርጉት ነበር። መጨረሻው ላይ አልቅሷል የሚሉ አሉ። የእድሩ ሴቶች ግን «አለቀሰ አላለቀሰ ምን አገባን? ተቀምጧል» ይላሉ።

በቅርቡም ሹማምንቱ፣ አዲስ ሲኒማ ቤት ተሠርቷልና ድንኳኑ ይቅር ብለው ነበር። ምሰሶውን በትከሻቸው ተሸክመው የመጡት ሴቶች ግን አጋደሙትና የሚተከልበትን ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ።