ነጋድራስ አንለይ በገዛ ኬላቸው የተያዙበት አልጋ

በቆላም በደጋም ለምትኖሩ፣ ለሽማግሌም ለጎልማሳም የሚከተለው ጥብቅ ማስታወቂያ ተነግሯል፤ የሰው ልጅ ሲተኛ ወገቡን ሊቆረቁረው አይገባም። ነገሩ ተራ ይመስላል እንጂ በዚሁ ሰበብ አንድ ትዳር ሊፈርስ፣ አንድ ከተማም ሊታመስ ለጥቂት ተርፏል። ለሚስቱ ፊቱን አጨማድዶ ውሎ ለጎረቤት ጥርሱን የሚያበራ ሰው ስናይ ከአፋችን የምታመልጥ አንዲት ተረት አለች አይደል? እሷም እንዲሁ ሜዳ ላይ የበቀለች አይደለችም። የተወለደችው ግራር ውሃ በምትባል ከተማ ኬላ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጋድራስ አንለይ ጋቢ ተከናንበው በሚያንኮራፉበት ቀን ነው።

ነጋድራስ አንለይ የከተማዋ የገበያ ሹምና የኬላው አዛዥ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ንግግር ግን ይወዳሉ። አንድ ቀን አናጺው ሽባባው እግራቸው ላይ ወድቆ አቤት አለ። ከወንዙ ባሻገር ካለችው ከሾላ ማዶ በየገበያው የሚጎርፈው የጠፍር አልጋ እንጀራውን ዘግቶበታል። የአገር ልጅ እያለ የአገር ሰው ጎኑን ለባዕድ እንጨት መስጠቱ ምን የሚሉት ነው?

ነጋድራስ ይህችን «ጎኑን ለባዕድ እንጨት» የምትል ቃል ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። በነጋታው ነጋሪት አስጎሰሙ። ከማዶ የሚመጣ አልጋ እንዳይገባ፤ ገብቶ ከተገኘም ሕዝብ እያየው እንዲቃጠል፤ ኬላ ጠባቂውም ማንንም ሳይፈትሽ እንዳያሳልፍ አዘዙ። ሕዝቡ እልል ሲል ደስ አላቸውና፣ እኔም ራሴ ብመጣ እንድፈተሽ ብለው ጨመሩበት። ማን አስገደዳቸው? ማንም።

የመጀመሪያዎቹ የሽባባው አልጋዎች ደህና ነበሩ። ሰዉ ሌላ መሄጃ እንደሌለው ሲያረጋግጥ ግን ሽባባው መላጊያውን ሰቀለ፤ ስንጥሩ እንደ ቀጋ እሾህ ቆሞ ቀረ። ቀጥሎ ጠፍሩን ውሃ ሳያስነካ በደረቁ ወጠረው፤ አልጋው ሳይከርም እንደ ገበቴ ጎደጎደ። በመጨረሻም ከሥር መደበቅ የነበረበትን ቋጠሮ ከላይ አሰረው፤ ጎንበስ ማለት ሰልችቶት ነው። ከተማው በሙሉ ወገቡን ይዞ የሚነሣ ሆነ። ስሞታ የመጣ እንደሆነ ነጋድራስ ደረታቸውን ነፍተው፣ ቢቆረቁረንም የሚቆረቁረን የራሳችን ነው፣ ታገሡ ይሉ ነበር። እሳቸውም በዚያው አልጋ ላይ እየተገላበጡ ታገሡ።

ያልታገሡት ባለቤታቸው እመት አትጠገብ ናቸው።

«እኔ ከአገሬ ልጅ ጋር ጠብ የለኝም» አሉ አንድ ጧት ጎናቸውን እያሹ። «ጠቤ ከቋጠሮው ነው። እስከ ፊታችን ገበያ ደህና አልጋ ካላመጡልኝ ማዶ ወንድሜ ቤት እገባለሁ። እዚያ ሰው ይተኛል አሉ።»

«አትጠገብ፣ አዋጁን ያስነገርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እሱን አቅፈው ይተኙ።»

ነጋድራስ ሚስታቸውን ይወዳሉ። የእመት አትጠገብ ዛቻ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ዛቻ ተነግሮ የሚቀር አይደለም፤ ጓዛቸውን ማሰናዳት ጀምረዋል። ባልየው ሁለት ልብ ሆኑ። አልጋ ቢያስገቡ ክብራቸው፣ ባያስገቡ ቤታቸው ሊፈርስ ነው። ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው የገበያው ዕለት ማለዳ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ ልይ ብለው ተነሡና በቅሏቸውን ጭነው ሾላ ማዶ ገቡ።

እዚያ ያገኙት አልጋ የዋንዛ ነው። እጅ ሲያስኬዱበት እንደ ቅቤ ያንሸራትታል፤ ጠፍሩ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ማን እንደሠራው ሻጩን አልጠየቁም፤ ድብቅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ወሬ አያበዛም። ችግሩ ማሳለፉ ላይ ነበር። ለዚህ መላ የዘየደው የእመት አትጠገብ ወንድም አየነው ነው። ሳቁን እየታገለ፣ ሕመምተኛ በአልጋ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚወስድን ሰው የሚያስቆም ኬላ የት አገር አለ፣ ይተኙበትና እንሸከምዎ አላቸው።

ነጋድራስ ተኙ፤ ጋቢ ተከናነቡ፤ የሰፈሩ ጎበዞች አነሷቸው። ውሉ ነጋድራስ እያቃሰቱ እንዲሄዱ ነበር። እስከ ወንዙ ድረስ ልብ በሚነካ ሁኔታ አቃሰቱ። ከወንዙ ወዲህ ግን፣ የሽባባው መላጊያ ከተሰቀለ ጀምሮ ዕረፍት አጥቶ የኖረው ወገባቸው በጠፍሩ ላይ ቀለጠ። ኬላው ጋ ሲደርሱ ከልባቸው ያንኮራፉ ነበር።

ኬላ ጠባቂው ጓንጉል ተሸካሚዎቹን አስቆመ። አየነው፣ ሰውየው በሞትና በሕይወት መካከል ነው፣ እባክህ አሳልፈን ብሎ ለመነው። ጓንጉል ጆሮውን ጣል አደረገ።

«የሚሞት ሰው እንዲህ አያንኮራፋም» አለ። «አልጋውም ሰው ተሸክሞ ዝም ብሏል። የእኛ አልጋ ድመት ቢወጣበት እንኳ ይጮኻል። ነጋድራስ ይሙቱ ሳልፈትሽ አላሳልፍም።»

ጋቢውን ሲገልጠው፣ የማለባቸው ነጋድራስ ፈገግ እንዳሉ ተኝተዋል።

ገበያተኛው ግር ብሎ ከበበ። ነጋድራስ ባንነው ዓይናቸውን ሲያሹ ገና ከአልጋው አልወረዱም። ጓንጉል እጅ ነሣ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም አዋጁን አንድ ቃል ሳያጎድል ላስነገሩት ሰውዬ በቃሉ ወጣላቸው። እሳት ይምጣ ተባለ፤ ጓንጉል ችቦ ያዘ። በዚያው ቅጽበት እመት አትጠገብ ጓዛቸውን አስጭነው በበቅሎ ወደ ማዶ ሊሻገሩ ብቅ አሉ። የሆነውን ሰሙና ልጓም ያዝ አደረጉ። አልጋው ከተረፈ ሊመለሱ፣ ከነደደ ሊሻገሩ እንደሆነ ባላቸው ፊታቸውን አይተው ገባቸው። ነጋድራስ ሐፍረቱን ረሱት። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከችቦው አልተነቀለም።

ሽባባው የመጣው እየሮጠ ነው። አገር የሚጠፋው በውጭ ሰው ሳይሆን በውስጥ ሰው እንደሆነ፣ እሱ ይህን ሲጮህ ሰሚ አጥቶ እንደኖረ እየተናገረ ችቦውን ከጓንጉል እጅ ነጥቆ ወደ አልጋው ተጠጋ። ራስጌው ጋ ሲደርስ ችቦውን ዝቅ አደረገ። እንጨቱን ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ሕዝቡ ምን ትጠብቃለህ እያለ ይጎተጉተዋል።

«ካልሆነልህ ለእኔ ስጠኝ» አለ ጓንጉል፤ ችቦውን መልሶ ወስዶም ወደ ጠፍሩ ዘረጋው።

«በሕግ አምላክ!» ሽባባው አልጋው ላይ ተዘረጋበት። «በሕግ አምላክ፣ አትንካው። የእጄ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ አልጋ ሁለተኛ አይወጣልኝም።»

አላመኑትም። ለነጋድራስ አዝኖ የዋሸ መሰላቸው። እሱ ግን ገልብጡትና እዩ አለ፤ አቋጣጠሬን የማያውቅ ሰው እዚህ መካከል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ገለበጡት። በየወገባቸው የሚያውቁት ያው የሽባባው ቋጠሮ አንድም ሳይቀር ከሥር ተሸጉጦ ተገኘ። ጓንጉል ችቦውን አፈር ላይ ደፈጠጠው። የሽባባው አህዮች በየሳምንቱ አልጋ ጭነው ሲሻገሩ ያይ እንደነበር፣ ነገር ግን የሚገባውን ፈትሽ እንጂ የሚወጣውን ፈትሽ እንዳልተባለ አጉረመረመ።

አልጋውን መልሰው ሲያቆሙት እመት አትጠገብ ከበቅሏቸው ወርደው ማንንም ሳያናግሩ ጋደም አሉበት።

«ታዲያ ለማዶ ሰው ቋጠሮው ወደ ታች፣ ለእኛ ወደ ላይ ነው?» አሉ ነጋድራስ።

«ጌታዬ፣ ማዶ አናጺ ሞልቷል» አለ ሽባባው አቧራውን እያራገፈ። «እዚያ ቋጠሮ ወደ ላይ አስሬ ብሄድ ማን ዞሮ ያየኛል? እዚህ ግን እርስዎ ደጁን ዘጉልኝ። የት ትሄዳላችሁ?»

ነጋድራስ ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሕዝቡ ግን ቀድሟቸው ተንጫጫ። አንዱ ኬላው ዛሬውኑ ይከፈት አለ። ሌላው፣ ከተከፈተ ሽባባው ይራባል፣ ቢያሳዝነንም ልጃችን ነው አለ። ሦስተኛው፣ ዝግ ይሁን ግን ሽባባው በራሱ አልጋ ላይ ይተኛ ብሎ ፈረደ። አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ደረሱ። እመት አትጠገብ ሙግቱ መሐል እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ነገሩ አልያዝ ሲል ሁሉም ወደ አያ ሙጬ ዞረ። አያ ሙጬ የገበያው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም አንድ የሽባባው አልጋ አላቸውና ወገባቸውን በከዘራ ደግፈው ነው የቆሙት። ይፍረዱ ተባሉ። አዛውንቱ የተኙትን ሴትዮ አዩ፤ ሽባባውን አዩ፤ ዞረው መንገድ ጀመሩ። ነጋድራስ ተከትለው ጋቢያቸውን ያዙና፣ ኬላውን ልክፈተው ወይስ ልዝጋው፣ እንደሚሆን አድርገው ያስረዱኝ ብለው ለመኑ።

«የማስረዳው የለኝም» አሉ አያ ሙጬ፤ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።»