እንሶስላ ያልሞቀ እጅ

ብርቄ፣ ልቤ ገና አልተመለሰልኝም። ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ «የሴቶች ሽንት ቤት በር የለውም ብሎ ግድግዳ ጋዜጣው ላይ የለጠፈ ማነው?» ሲሉ ዝም ብል ማንም አያውቀኝም ነበር። እኔ ግን «እኔ ነኝ» ብዬ ወጣሁ። አሁን ነገ ወላጅ ይዤ መቅረብ አለብኝ። አንቺ ደግሞ «ስምሽን ሳትጽፊ በሰላም ተቀምጠሽ፣ ምን አስነሳሽ?» አልሽኝ። እሺ፣ ስሚኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ሴት ጋዜጣ ላይ ትጽፋለች ቢባል ሰው ይስቅ ነበር። እሷ ግን «አባ ሐቁ» በሚል ስም ትጽፋለች። የከተማውን በደል ትጽፋለች፣ ከሥሩ ደግሞ በየሳምንቱ እየቆራረጠች ልብ ወለድ ታወጣለች። ቀለሙ ጣቷ ላይ አልለቅ ሲላት መላ አገኘች፤ እንሶስላ ትሞቃለች። እንሶስላው የብዕሩን ቀለም ውጥ ያደርገዋል። ጎረቤቶቿ «ይቺ ደግሞ ዘላለም ሙሽራ ናት» እያሉ ያሽሟጥጧታል። አብራ ትስቃለች፤ ልቧ ግን እንደተሰቀለ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ነቁብኝ እያለች ትደነግጣለች።

አንድ ሰሞን የከተማው ሹም ፈትል ሻጮቹን ሴቶች ከገበያ ሊያስነሳ ሆነ። ቦታውን አንድ ሀብታም ነጋዴ ፈልጎታል። አባ ሐቁ ጻፈ። ሹሙ ተናደደና «ይሄ አባ ሐቁ የሚሉት ሰው እውነት ካለው ነገ ደጄ መጥቶ በፊቴ ይናገር። ካልመጣ ቦታው የነጋዴው ነው» አለ።

ያንኑ ሰሞን አክስቷ ሞተውባታል። ሐዘን የገባባት ሴት ደግሞ እንሶስላ አትሞቅም፣ ነውር ነው። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። ሹሙ ይሄን ባለ ዕለት ማታ ፈትል ሻጮቹ ሊያስተዛዝኗት መጡ። ትንሽ እንደቆዩ ወሬው አባ ሐቁ ላይ ሄደ።

«ጋዜጣ ቤቶቹ ማን እንደሆነ አንናገርም አሉ» አለች አንዷ።

«እንዴት ያለ ወንድ ነው ግን? እንዝርት ጭን እንደሚልጥ እንኳ ያውቃል።»

«ሚስቱ ነግራው ነዋ። እሱ ብዕር ይዞ ሲጎለት እሷ ትፈትላለች።»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። ያልሳቁት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው።

«እኔ ከዚያ ተራ ከተነሳሁ የት እወድቃለሁ?» አሉ። «ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው።»

ሴትዮዋ ይሄን ሰማች። ዝም ብትል እሷ ትተርፋለች፤ ነገ ግን ማንም አይመጣም፣ ቦታው ይሄዳል። መቀመጥ አቃታት። ተነስታ አሮጊቷ ፊት ተንበረከከችና እጇን ዘረጋችላቸው።

«ምንድነው ልጄ፣ ጥላሸት ነው?» አሉና አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ፈተጉት። አልለቀቀም። ደግመው ፈተጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ነሻ» አሉ ቀስ ብለው። «ያችን የልብ ወለዱን ምስኪን ልጅ ወንዝ ውስጥ የከተትሻት አንቺ ነሽ? ሳምንቱን ሙሉ ስታስለቅሽኝ ከረምሽ።»

«ገና አልሞተችም፣ እማማ።»

«በይ እንዳትገድያት። ነገ ደግሞ አብረን ነው የምንሄደው።»

አየሽ ብርቄ፣ እሷ ነኝ ማለቴ አይደለም። ግን ያ ስም የሌለው ወረቀቴ እንሶስላዬ ነበር። እኔን ይሸፍነኛል፣ ለእናንተ ግን በር አይሆንም። ዝም ብል ኖሮ ርዕሰ መምህሩ «ባለቤት የሌለው ወሬ ነው» ብለው ቀድደው ይጥሉት ነበር፤ እኛም አንዷ ስትገባ አንዷ ሹራብ እየጋረደች እንቀጥላለን። ነገር ፊት ይፈልጋል። ፊቱ ቢፈራም ግድ የለም፣ እሷም እየፈራች ነው እጇን የዘረጋችው።

ቦታውስ ምን ሆነ ትይኝ ይሆናል። ዛሬም ፈትል ተራ ነው የሚባለው።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ በፊት ያደረገችው ግን ይሄን ነው፦ ወቅጣ ያስቀመጠችውን እንሶስላ አንስታ ለጎረቤቷ ልጅ፣ ለእውነተኛዋ ሙሽራ ሰጠቻት። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጇን ሳትሸፍን ሴቶቹ ወደሚጠብቋት ወጣች።