ጥጃዋ ያስፈረደችው ቤት

አባቴ ይህን፣ አያ ቢሻው የሚባል የሾላ ሜዳ ቀልደኛ ያደረገው ነው እያሉ ያወሩልን ነበር። በሌላ ሰው ስም የሚያወሩትም አሉ፤ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደ ሰማሁት ጽፌዋለሁ።

ይታይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ጠላ ሻጭ ነበረች። የባለርስቱ ልጅ ሰክሮ «ድገሚኝ» ቢላት «ይበቃሃል» ብላ አስወጣችው። እሱም ተናዶ ጎጆዋ ላይ እሳት ለኮሰ። ጎረቤቱ ሁሉ በእንስራ ውሃ ይዞ ወጣ፤ ነገር ግን ደጃፏ ላይ ቆሞ «ሰካራም ማን ሰብስቢ አላት?» «በሰንበትስ ስትጠምቅ አልነበር?» ይባባል ጀመር። አያ ቢሻው ከኋላ ደረሰና፣

«እሳቱ ሳይጠይቅ ገባ፤ እናንተ ውሃ ተሸክማችሁ ትጠይቃላችሁ» አላቸው።

ውሃው እስኪፈስ ጎጆዋ ነዶ አለቀ። ይታይሽ ይዛ የወጣችው ጀርባዋ የተለበለበ አንዲት ጥጃ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ቤቷን በደቦ ለመሥራት ሰው ተጠራ። የክዳን ሣር የተረፋቸው ግራዝማች ፈለቀ ግን «ለንጹሕ ሰው ቢሆን አልነፍግም ነበር። ለእሷ ግን በፊት ንስሐ አባቷ ይመስክሩላት» አሉ።

«አምና በረዶ ማሳዎን ሲመታው የእርስዎን ንስሐ አባት ሳንጠይቅ በደቦ ደግመን ስናርስልዎ፣ ለካ ተቻኩለናል» አላቸው አያ ቢሻው።

ግራዝማች ተቆጥተው ሄዱ። ሌላውም እሳቸውን አይቶ ተበተነ።

ነገሩ ችሎት ደረሰ፤ አያ ቢሻው ለይታይሽ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ዳኛው ፊታውራሪ ይመር ልጁን ትተው እሷን ጠየቋት።

«ሲመጣ ስቀሽለታል?»

«ለጠጪ ሁሉ እስቃለሁ፣ ጌታዬ። ካልሳቅሁ ማን ይጠጣልኛል?»

ሸንጎው አጉረመረመ። ዳኛውም «አንድ ንጹሕ ተበዳይ አምጡልኝ፤ ያኔ እፈርድለታለሁ» አሉ።

አያ ቢሻው ወጣ ብሎ ጥጃዋን እየሳበ ተመለሰ። የተላጠ ጀርባዋን ሲያይ ሸንጎው ከንፈሩን መጠጠ። ግራዝማች ፈለቀ እንኳ «እኔን፣ ምን ባጠፋች» አሉ።

«ጠላ አልጠመቀችም፤ ለማንም አልሳቀችም» አለ አያ ቢሻው። «የምታድረው ግን እንደ አገራችን ጥጃ ሁሉ ከቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው ጋጥ ነበር። ዛሬ ማደሪያ የላትም።»

ዳኛው ቃላቸውን ለማጠፍ አፈሩ። ልጁ የጥጃዋን ማደሪያ እንደ ነበረ፣ ከነጋጡ ከነምድጃው እንዲሠራ ፈረዱ። ሣሩንም ግራዝማች ፈለቀ ለጥጃዋ ብለው ሰጡ።

ቤቱ አልቆ ይታይሽ እንስራዋን ስታስገባ ፊታውራሪ በዚያ ሲያልፉ አዩና፣ «እኔ የፈረድኩት ለጥጃዋ ነው። ይህቺ በማን ፈቃድ ገባች?» ብለው አያ ቢሻውን ጠየቁት።

«በጥጃዋ፣ ጌታዬ። እሷ ጠባይ አትጠይቅም።»